ቅጠሉ የማን ነው? ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብን በምትበላው ተክል መለየት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በዋግ ምድር፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ፣ በደሃናና በጋዝጊብላ ደጋ፣ በሰሃላ ሰየምት፣ በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮች፣ ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ደቃቅ ዝንብ ነው። ቁመቷ ከሁለት ሚሊ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ዝንቧን ራሷን ልብ ብላችሁ አይታችኋት አታውቁ ይሆናል። ሥራዋን ግን ያላየ ገበሬ የለም። ክረምቱ ወጥቶ አተሩና ባቄላው ሲያብብ፣ ወይም በመስኖው ዳር ጎመኑና ቲማቲሙ ሲለመልም፣ በቅጠሉ ላይ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ይታያል። አንዱ «ዋግ መታው» ይላል፤ ሌላው «ውርጭ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይጠይቅ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ወደ ማሳ ይወርዳል።

ያ መስመር ዋግም ውርጭም አይደለም። በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ሽፋን መካከል የምትኖር እጭ ለምለሙን እየበላች ያለፈችበት መንገድ ነው። ባለሙያዎች ቅጠል ሰርሳሪ ይሏታል። እናቲቱ ዝንብ በጭራዋ ጫፍ ባለው ሹል መውጊያ ቅጠሉን ትወጋና የሚወጣውን ፈሳሽ ትልሳለች። ወንዱ መውጊያ ስለሌለው እሷ ከበሳችው ቀዳዳ ይጠጣል። በቅጠሉ ላይ ተበትነው የሚታዩት ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው በጥቂቶቹ ውስጥ እንቁላል አለ። አየሩ ሞቅ ሲል እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ እጯም ከ4 እስከ 7 ቀን በልታ ትጨርሳለች። የመስመሩ መነሻ ቀጭን፣ መድረሻው ሰፊ የሆነው እጯ እየበላች ስለምታድግ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ጫፍ ፈልጉ፤ እጯ ካለች የምትገኘው እዚያ ነው። በእሷ ፋንታ ትንሽ ስንጥቅ ካያችሁ ወጥታ ሄዳለች፤ ለሄደች እጭ መድኃኒት መርጨት ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው።

እንግዲህ ይህችን ዝንብ በምን እንለያት? አግሮማይዚዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሺህ በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ጥቁር ወይም ጥቁርና ቢጫ ናቸው፤ በጣም ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንቱ እንኳ ወንዱን ዝንብ በማይክሮስኮፕ ሥር ከፍተው የመራቢያ አካሉን ቅርጽ ካላዩ፣ ወይም ዲኤንኤውን ካላስመረመሩ አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። እኛ ደግሞ ማሳ ውስጥ ማይክሮስኮፕ የለንም።

ደግነቱ አብዛኞቹ ዝንቦች ምግብ መራጭ ናቸው። አንዷ ዝርያ ከአንድ የተክል ወገን ወይም ከአንድ ቤተሰብ አትወጣም። የጎመንን ወገን የለመደች ስንዴ ላይ እንቁላል አትጥልም፤ የሣርን ወገን የለመደችም ጎመን አትነካም። ኤሪክ ማርቲን ሄሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1957 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓን ቅጠል ሰርሳሪዎች መለያ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ የደረደረው በነፍሳቱ ስም ሳይሆን በተክሎቹ ስም ነበር። አንባቢው አስቀድሞ ተክሉን ያውቃል፤ ቀጥሎ በዚያ ተክል ላይ የሚገኙትን ጥቂት ሰርሳሪዎች ብቻ በመስመራቸው ቅርጽ ያስተያያል። ሺዎቹ ወደ አራትና አምስት ወረዱ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኬኔዝ ስፔንሰርም በ1990 የእነዚህን ዝንቦችና የሚበሏቸውን ተክሎች ዝምድና የዓለምን ዝርያዎች ባካተተ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ሁለቱም ሰዎች የሚጀምሩት «ቅጠሉ የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ፣ እኔ እንደማምነው፣ የዋግ ሰው ከብዙ የኮሌጅ ተማሪ ይቀድማል። ፍየል ጠባቂው ልጅ የትኛው ቁጥቋጦ ለፍየል እንደሚስማማ፣ የትኛው እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ነጩን የዋግ ማር የሚቆርጠው ንብ አናቢ በየወሩ የሚያብበውን በስሙ ይጠራል፤ አንዱን በአማርኛ፣ ሌላውን በኽምጣና። ይህ እውቀት ለነፍሳት ጥናት ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪውን የሚያግዙ መጻሕፍትም አሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 በ8 ቅጾች ተጠናቋል፤ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተገልጸውበታል። ሥራውን ከመሩት መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው አንዱ ናቸው። ለመጽሐፉ የተሰበሰቡ ደረቅ ናሙናዎችም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይገኛሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አትርሱ። በአንድ ቀበሌ ያለ ስም በሌላው ቀበሌ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተሰረሰረውን ቅጠል ብቻ ሳይሆን፣ አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍም አብራችሁ ያዙ። አበባ የሌለው ተክል ለባለሙያም ያስቸግራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ተክሉን ካወቅን በኋላ ቅጠሉን በእጃችን ይዘን ወደ ፀሐይ እናንሣው። ብርሃኑ ሲያልፍበት ውስጡ ይታያል። መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ በእርግጥ የዝንብ ሥራ ነው ወይ? የሚለውን ነው፤ ቅጠል የምትሰረስር ዝንብ ብቻ አይደለችምና። የእሳት ራት አባጨጓሬዎችም፣ አንዳንድ የጥንዚዛ እጮችም ይሰረስራሉ። የዝንብ እጭ እግር የላትም፤ ጠንካራ ጭንቅላትም የላትም፤ በፊቷ በኩል የሚታየው ጥቁር ነጥብ የአፏ መንጠቆ ነው። በቅጠሉ ውስጥ በጎኗ ተኝታ፣ ማጭድ እንደያዘ አጫጅ መንጠቆዋን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ትበላለች። አልፎ አልፎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ትገላበጣለች፤ ለዚህ ነው በብዙዎቹ መስመሮች ውስጥ ጥቁሩ ኩስ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ጠርዝ የሚታየው። የእሳት ራት አባጨጓሬ ግን ጭንቅላት አላት፤ አብዛኛውን ጊዜም እግር አላት። ኩሷን ወይ በመሐል አንድ ቀጥተኛ መስመር አድርጋ ትተዋለች፤ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ላይ የብር ቀለም ያለውን ጠመዝማዛ የምትሠራው እንዲህ ናት። ወይ ደግሞ በአንድ ጥግ ትከምረዋለች።

ይህ ልዩነት በቲማቲም ላይ ትልቅ ገንዘብ ያወጣል። በቲማቲም ቅጠል ላይ ሁለት ሰርሳሪዎች ይገናኛሉ። አንደኛዋ ዝንብ ናት፤ የምትተወው ቀጭን ጠመዝማዛ መስመር ነው። ሁለተኛዋ ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት ራት ናት። ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ1917 ከፔሩ በተገኘ ናሙና ነው መጀመሪያ የተሰየመችው። በ2006 ስፔን ገባች፤ በ2012 አካባቢ ደግሞ ኢትዮጵያ ደረሰች። የቱታ ሥራ ሰፋ ያለ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ፣ ወረቀት የመሰለ እድፍ ነው። አባጨጓሬዋ ከአንዱ ቅጠል ወጥታ ሌላ ትጀምራለች፤ ግንዱንና ፍሬውንም ትበሳለች። ዝንቧ ፍሬ አትነካም። ቲማቲማችሁ ቅጠሉ ላይ መስመር ብቻ ኖሮት ፍሬው ጤነኛ ከሆነ እንቅልፍ አትጡ። ፍሬው ከተበሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቱታን ወንድ በጠረን የሚስብ ወጥመድ ገዝቶ ዝንብ ላለበት ማሳ የሰቀለ ሰው አንዲት ዝንብ አይዝም፤ ዝንቧን የሚይዛት ቢጫ ሙጫማ ሰሌዳ ነው። ቱታ ማሳ ዳር ባለ ጥቁር አውጥና አስተናግር ላይም ትኖራለች። ሁለቱም የቲማቲም ዘመዶች ናቸው፤ ስለዚህ የማሳውን ዳር ሳታዩ ማሳውን አየሁ አትበሉ።

ጎመን ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የጎመን የእሳት ራት እጭ እንደተፈለፈለች ጥቂት ቀን ቅጠል ውስጥ ትሰረስራለች፤ ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ አንዱን ሽፋን ትታ እየበላች ቅጠሉን መስኮት መስኮት ታደርገዋለች። መስኮት ካያችሁ ዝንብን አትክሰሱ።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ምግብ መራጮቹ ነው። አሁን ወደማይመርጡት እንምጣ፤ የገበሬውን ኪስ የሚጎዱት በአብዛኛው እነሱ ናቸውና። ሊሪዮማይዛ ከሚባለው ወገን ሦስት ዝርያዎች፣ ትሪፎሊ፣ ሳቲቬና ሁይዶብሬንሲስ፣ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥተው ዓለምን አዳርሰዋል። ትሪፎሊ ወደ ኬንያ የገባችው በ1976 ከፍሎሪዳ በመጣ የክሪሳንተመም አበባ ቁራጭ ላይ ተሳፍራ ነው። አበባ ላይ መጥታ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ሽንኩርት ሳትመርጥ ገባች። ህንድ ውስጥ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከጉሎ ቅጠል ጠላቶች አንዷ ሆናለች። እንዲህ ያለችው ዝንብ ላይ የተክሉ ስም ብቻውን አይበቃም። ባቄላ ላይ ስለተገኘች «የባቄላ ዝንብ» ብንላት፣ ነገ ቆስጣ ላይ እናገኛታለን።

ታዲያ ያን ጊዜ ምን እናያለን? መስመሩ የሚሄድበትን ቦታ ነው። ትሪፎሊና ሳቲቬ የሚሰረስሩት በቅጠሉ የላይኛው ወገን ነው፤ መስመራቸው በቅጠሉ መስክ ላይ ይጠመዘዛል። ሁይዶብሬንሲስ ግን የቅጠሉን ዋና ሥርና ቅርንጫፎቹን ተከትላ፣ ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ መሠረት ጀምራ ትሄዳለች፤ ወደ ታችኛው ወገንም ስለምትገባ መስመሯ ከላይ ሲያዩት የተቆራረጠ ይመስላል። ቅጠሉን ገልብጡት። ከፍታውም ይናገራል። ሁይዶብሬንሲስ ቀዝቃዛ አየር ይስማማታል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሙቀት ይወዳሉ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የተከዜ ሸለቆ ደግሞ ወደ ሺህ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ በደሃና ደጋ አተር ላይ የተገኘ መስመርና በሰሃላ ወንዝ ዳር ቲማቲም ላይ የተገኘ መስመር የአንድ ዝንብ ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ።

አተር ላይ ሌላም አለች፤ ፊቶማይዛ ሆርቲኮላ። እሷም ብዙ ዓይነት ተክል ትበላለች፤ ዝንቧ ግራጫማ ናት። የምትለይበት ምልክት ቀላል ነው። ሊሪዮማይዛዎቹ በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉን ሰንጥቀው ወደ አፈር ይወድቃሉ፤ ፑፓ የሚሆኑት፣ ማለትም በትንሽ ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ተዘግተው ወደ ዝንብ የሚለወጡት፣ አፈር ውስጥ ነው። ፊቶማይዛ ሆርቲኮላ ግን ከቅጠሉ አትወጣም፤ ቅርፊቷ እዚያው በመስመሩ ጫፍ ሽፋኑ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። በጣታችሁ ስትዳስሱት ይቆረቁራል። ማጉያ መነጽር እንኳ አያስፈልገውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምነግራችሁ ዝንብ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ትሻለች። ቦሎቄ፣ አደንጓሬ ወይም ማሾ የዘራችሁ ሰዎች ስሙኝ። ቡቃያው በወጣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ይሞታል። ቅጠሉ ላይ ትልቅ መስመር የለም። ሰው «ዝናብ አጠረው» ይላል፤ በዋግ ዝናብ አጠረ ማለት ደግሞ ማንም የሚያምነው ነው። ቡቃያውን ንቀሉና ከአፈር በላይ ያለውን የግንዱን ሥር ተመልከቱ። አብጦ ከተሰነጠቀ ሽፋኑን በጥፍራችሁ ላጡት። ከሥሩ ቅርፊቶች ካገኛችሁ፣ ያ የቦሎቄ ዝንብ ነው፤ ከቅጠል ሰርሳሪዎቹ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ኦፊዮማይዛ ፋሲዮሊ የምትባለው እንቁላሏን ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ እጯ በቅጠሉ አጭር መንገድ ከሄደች በኋላ በአገዳው ወርዳ ግንድ ውስጥ ትገባለች። ቅጠሉ ላይ ብዙ ምልክት የማይታየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የቅርፊቱ ቀለም ዝርያውን ይለያል። የፋሲዮሊ ቅርፊት ቡናማ ነው። ኦፊዮማይዛ ስፔንሰሬላ የምትባለው ዘመዷ ቅርፊቷ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው፤ ይህችን ዝርያ ከምሥራቅ አፍሪካ ናሙና ለይቶ የሰየማት ግሪትሄድ የተባለ ተመራማሪ በ1969 ነበር፤ ስሟም ቅድም ያነሣሁላችሁ ስፔንሰር መታሰቢያ ነው። በጥቅሉ በምሥራቅ አፍሪካ ስፔንሰሬላ ወደ ቀዝቃዛው ደጋ፣ ፋሲዮሊ ወደ ሞቃቱና ደረቁ ታዘነብላለች። በአገራችን የቦሎቄን ዝንብ በጥልቀት ካጠኑት መካከል ዶክተር ፀደቀ አባተ ይጠቀሳሉ፤ በ1990 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚህችው ዝንብ መከላከያ ላይ ነው። መከላከያው ከዘር ይጀምራል፤ ዘሩን በመድኃኒት አሽቶ መዝራት፣ ዘግይቶ አለመዝራት። ቡቃያው ከተጎዳ በኋላ ደግሞ በግንዱ ዙሪያ አፈር ማልበስ ይረዳል፤ ከተጎዳው በላይ አዲስ ሥር ያወጣልና። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት ግንድ ውስጥ ያለችን እጭ አይደርስባትም።

በማሽላ ላይ የሚታየውን የእምብርት መድረቅ ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱም የዝንብ ሥራ ነው፤ ግን ከሌላ ቤተሰብ የሆነችው የማሽላ ቡቃያ ዝንብ ናት፤ ቅጠል አትሰረስርም፣ የቡቃያውን እምብርት ትቆርጣለች። በስንዴ፣ በገብስና በሣር ቅጠል ላይ የሚሰረስሩት ዝንቦች የቅጠሉን ሥሮች ተከትለው ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ ጠመዝማዛ አይሠሩም። ጉዳታቸውም ብዙ ጊዜ ለወሬ አይበቃም።

እንግዲህ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው አንድ ርካሽ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ። እጭ ያለበትን ቅጠል ቁረጡ፤ ውሃ ያቀረረበት ሳይሆን ደረቅ ያለውን። ከብልቃጡ ሥር ትንሽ ረጠብ ያለ ንጹሕ አሸዋ ወይም ወረቀት አድርጉ፣ ቅጠሉን ከላይ አስቀምጡ፣ አፉን በሻሽ እሰሩ፣ ጥላ ውስጥ አኑሩት። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት እጯ ትቀቀላለች፤ ብዙ ውሃ ካፈሰሳችሁ ይሻግታል። አየሩ ሞቃት ከሆነ ፑፓዋ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትፈለፈላለች፤ በደጋው ከዚያ ይዘገያል። በብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጥፉና የተክሉን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ከተቻለ ከፍታውን ጻፉ። የተክል ስም የሌለው ዝንብ ለተመራማሪ እምብዛም አይጠቅምም፤ ይህን ስል አላጋነንኩም።

አንዳንዴ ከብልቃጡ የምትወጣው ዝንብ ሳትሆን አረንጓዴ የብረት ቀለም ያላት ደቃቅ ተርብ ናት። ደስ ይበላችሁ። ይህች ተርብ የዝንቧን እጭ ገድላ በጎኗ እንቁላሏን የምትጥል ወዳጅ ናት። ዲግሊፈስ ኢሴያ የምትባለው ዝርያ በአውሮፓ የመስታወት ቤት አትክልተኞች በገንዘብ የሚገዟት ናት። ኢሲፔ የተባለው ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ሌላ ተርብ ከፔሩ አምጥቶ ኬንያ ውስጥ ለቋል። እኛ ዘንድ ግን በየሳምንቱ የሚረጨው መድኃኒት በቅድሚያ የሚገድለው ተርቧን ነው፤ እጯ በቅጠሉ ሽፋን ተከልላለች፣ ተርቧ ውጭ ናት። ረጭተው ረጭተው ዝንቡ ባሰብን የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ያጋጠማቸው ይኸው ነው። በአበባ ላይ ያለ የባቄላ ማሳ ላይ መርጨት ደግሞ በዋግ ምድር ጥፋቱ ድርብ ነው፤ ንቡ አብሮ ይሞታል። ለአንድ ነጭ መስመር ተብሎ አንድ ቀፎ ማር መክፈል፣ በእኔ ሚዛን፣ ከባድ ኪሳራ ነው። ያረጀው የታችኛው ቅጠል ቢሰረሰር ምርት እምብዛም አይጎድልም። የተሰረሰሩትን ቅጠሎች ለቅሞ መቅበርና ከመከር በኋላ ቅሪቱን ማጥፋት ይቀላል።

የዛሬውን እዚህ ላይ እናቁም። መምህራን፣ በተለይ የሳይንስ መምህራን፣ ይህን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ብልቃጥ፣ ሻሽና ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ገበሬዎች፣ ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉንና አበባ ያለውን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ሂዱ። ባለሙያዎች ደግሞ የማትለዩትን ናሙና ከነተክሉ ስም ወደ ሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አድርሱ። የተክሉን ስም በአማርኛ ካላወቃችሁት በኽምጣና ጻፉት፤ ስም እስካለው ድረስ ባለሙያው ይደርስበታል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)